በባርነት ተይዘው ወታደር የሆኑ ሰዎችን ታሪክ እንዴት እናስተምር?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ታሪክ የምታስተምሩ ወይም የታሪክ ክበብ የምትመሩ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። ርዕሱ ሩቅ ይመስላል። በካሪቢያን ደሴቶች በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው፤ እነሱው ደግሞ የገዢዎቻቸውን የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ጠመንጃ ተሸክመው ተዋግተዋል። ግን ደብረ ብርሃንም አንሱት መሐል ሜዳ፣ ከተማሪ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ያው ነው። «ጠመንጃውን ከሰጡት ለምን ወደ ጌታው አላዞረውም?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ግን አይመለስም። አንዳንዱ አዙሮታል። አንዳንዱ እንደሱው በባርነት ባለ ሰው ላይ ተኩሷል። አንዱ ተዋግቶ ነፃ ወጣ፣ መሬትም ተሰጠው፤ ሌላው ነፃ ከወጣ በኋላ ነፃነቱን መልሰው ቀሙት።

እኛ ጋ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሸዋ ልጅ የሚያድገው የአርበኛ ታሪክ እየሰማ ነው። እነ ራስ አበበ አረጋይ በወረራው ዘመን እዚሁ አገር ሲዋጉ የነበረውን ከአያቱ ሰምቷል። ፉከራና ሽለላውን በየሠርጉ ያውቀዋል። ስለዚህ ተዋጊ ሲባል ወዲያው የሚመጣለት ወይ አርበኛ ነው ወይ ባንዳ። የካሪቢያኑንም ወታደር ከሁለቱ ባንዱ ለመመደብ ይቸኩላል። የእናንተ ትልቁ ሥራ ይህችን ችኮላ ማዘግየት ነው። ባንዳ ለመባልም አርበኛ ለመባልም ሰውየው ምርጫ ሊኖረው ይገባል፤ እዚህ ላይ ምርጫው ምን ያህል እንደነበር ነው መመርመር ያለብን።

ከክፍል በፊት

ሁሉንም ደሴት አንድ ላይ አታምጡት። የእንግሊዝ ደሴቶችን ዋና አድርጉ፣ ሃይቲን ለማነጻጸሪያ ያዙ፤ ጊዜ ከተረፈ ኩባን ጨምሩ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ካላችሁ እንግሊዝን ብቻ ያዙ፣ ለውይይት የሚሆን ሰዓት እንዲተርፍ።

ካርታ የግድ ነው። ከስልክ ላይ ማሳየት አይበቃም፤ በፍሊፕ ቻርት ላይ በማርከር ሣሉት፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ተማሪው የደሴቶቹን ስፋት መረዳት አለበት። ባርባዶስ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከባሶና ወራና ወረዳ በብዙ ታንሳለች። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ ያስረዳል። እኛ አገር የተከፋ ሰው ይሸፍታል፣ ቆላ ይወርዳል፣ ገደል ለገደል ይሄዳል። ባርባዶስ ላይ የሚሸፈትበት በረሃ የለም። ጫካው ተመንጥሮ ሸንኮራ አገዳ ሆኗል፣ ዙሪያው ባሕር ነው። ጃማይካና ዶሚኒካ ግን ተራራ አላቸው፤ እዚያ ያመለጡ ሰዎች ማሩን ተብለው የራሳቸውን መንደር መሠረቱ፣ ተዋጉም። የጃማይካ ማሩኖች በ1739 ከእንግሊዝ ጋር ውል ገብተው ነፃነታቸውን አስከበሩ። በዚያው ውል ግን ከዚያ ወዲያ የሚያመልጥ ባሪያ ሲመጣባቸው ይዘው ሊመልሱ ግዴታ ገቡ። ይህን ለተማሪ ቀድማችሁ ንገሩት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነፃነት በሌላው ሰው ነፃነት ላይ ዋጋ እየተቆረጠበት እንደነበር ያያል።

ስለ ዘመን አቆጣጠርም ቀድማችሁ አስጠንቅቁ። እዚህ የጻፍኳቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከጎናቸው የሸዋን ዘመን ጻፉላቸው፣ ቶሎ ይይዙታል። እንግሊዝ የጥቁር ሬጅመንቶቿን ስታቋቁም፣ በ1795፣ ሸዋን የሚገዙት መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ነበሩ። በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን የሻረው ሕግ በሥራ ላይ ሲውል፣ በ1834፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ።

ለምን አስታጠቋቸው?

ይህን ክፍል አታርዝሙት፣ ግን አትዝለሉትም። ያለዚህ የሚቀጥለው ሁሉ ተረት ይመስላል።

እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1793 ጦርነት ገጠሙ። ጦርነቱ ወደ ስኳር ደሴቶቹም ተሻገረ፣ ስኳር ያኔ ትልቅ ሀብት ነበርና። ከአውሮፓ የሚላከው ወታደር ግን ጥይት ሳይነካው በቢጫ ወባና በወባ ያልቅ ነበር። ከ1793 እስከ 1801 ድረስ ወደዚያ ከዘመተው የእንግሊዝ ሠራዊት ከ40,000 በላይ እንደሞተ የታሪክ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ፈረንሳዮች በበኩላቸው ነፃ ያወጧቸውን ጥቁሮች አስታጥቀው እየመጡባቸው ነው። የእንግሊዝ ጄኔራሎች ሌላ መንገድ አጡ።

የእርሻ ባለቤቶቹ ግን በፍጹም አልፈለጉም። ጃማይካ ላይ ከአሥር ሰው ስምንት ዘጠኙ ባሪያ ነበር። ጠመንጃ የለመደ ሰው ነገ ወደ አገዳው እንደማይመለስ፣ ለወንድሙም እንደሚያስተምር ያውቃሉ። የየደሴቱ ምክር ቤት ሰዎቻችንን ለጦሩ አንሰጥም አለ። ጦሩ ምን አደረገ? ወደ ባሪያ ነጋዴዎቹ ዞሮ ከመርከብ ላይ ገዛ። ከ1795 እስከ 1808 ባለው ጊዜ 13,400 ገደማ ሰው ለዌስት ኢንዲያ ሬጅመንቶች፣ ማለትም ለእንግሊዝ የጥቁር ወታደሮች ጦር፣ ተገዝቷል። ያ ማለት የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ በዘመኑ ከነበሩት ትልልቅ ባሪያ ገዢዎች አንዱ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ይህችን ለተማሪዎቻችሁ ሁለት ጊዜ ንገሯቸው። ብዙዎቹ እንግሊዝን የሚያውቋት የባሪያ ንግድን በመከልከሏ ብቻ ነው።

አራት ጥያቄ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። በሰሌዳው ላይ አራት ጥያቄ ጻፉ፣ እስከ መጨረሻው አታጥፏቸው።

እንዴት ወታደር ሆነ? ምን ቃል ተገባለት፣ ማንስ ገባለት? ማንን እንዲወጋ ተላከ? በመጨረሻ ምን አገኘ?

ከአራቱ የሚያለፋው ሁለተኛው ነው። እዚያ ላይ ቆዩ። እኔ የምመክረው ቃሉን እንደ አገራችን ውል አድርገው እንዲጽፉት ነው። የገጠር ልጅ የመሬት ኪራይ ውል ቤቱ ሲጻፍ አይቷል። ውል ሰጪ፣ ውል ተቀባይ፣ ዋስ፣ ምስክሮች፣ ውሉን ያፈረሰ የሚከፍለው ገደብ። ለእያንዳንዱ ደሴት ይህን ቅጽ ይሙሉ። ወዲያው የሚያዩት ነገር አለ፤ ዋስ የሚለው ቦታ ባዶ ነው፣ ምስክሮቹ በሙሉ የሰጪው ወገን ናቸው፣ ውል ተቀባይ የተባለው ሰው ፊርማም የለውም። ገደብ የሚለው ላይ ደግሞ ቅጣቱ በሙሉ በወታደሩ ላይ ብቻ ነው። ምንም ያህል ብታብራሩ ይህን ቅጽ የመሙላትን ያህል አያስረዳም።

አንድ መስመር ጨምሩበት፤ ቃሉ ለሚስቱና ለልጆቹም ነው ወይስ ለሱ ብቻ? በደሴቶቹ ሕግ ልጅ የሚከተለው እናቱን ነበር። አባትየው ወታደር ሆኖ ነፃ ቢወጣ እንኳ እናትየው በአንድ እርሻ ባለቤት እጅ ካለች ልጁ የዚያ ሰው ንብረት ሆኖ ይወለዳል። ሴት ተማሪዎች እዚህ ላይ በጣም ይናገራሉ፣ ጊዜ ስጧቸው።

አሁን ምሳሌዎቹን አንድ በአንድ።

ዶሚኒካ፣ 1802። ዶሚኒካን ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለዩላቸው፣ ይምታታባቸዋል። በደሴቲቱ ሰሜን ፎርት ሸርሊ የሚባል ምሽግ አለ፣ ዛሬ ታድሶ ይጎበኛል። እዚያ የነበረው 8ኛው ዌስት ኢንዲያ ሬጅመንት በሚያዝያ 1802 አመፀ። ምክንያቱን በጥንቃቄ አስረዱ። ደመወዛቸው ዘግይቷል። ጠመንጃ ይዘው መቆም ሲገባቸው የመመንጠሪያ መሣሪያ ተሰጥቷቸው ረግረግ እንዲያጸዱ ታዘዙ። ከዚያ ወሬ ተነሣ፤ ሬጅመንቱ ሊበተንና እኛም ለአገዳ እርሻ ልንሸጥ ነው የሚል። የመመንጠሪያው መሣሪያ ለወሬው ማስረጃ ሆነ፣ የባሪያ መሣሪያ ነውና። መኮንኖችን ገድለው ምሽጉን ያዙ። ሌላ ጦር መጥቶ ደመሰሳቸው፣ መሪዎቹም ተገደሉ። አገረ ገዢውና የሬጅመንቱ አዛዥ አንድ ሰው ነበር፣ አንድሩ ኮክሬን ጆንስቶን ይባላል። በኋላ ጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ነፃ ተባለ።

«ለምን ጠመንጃውን አላዞረም» ላለው ተማሪ ይህ አንዱ መልስ ነው። ግን መቼ እንዳዞሩት አሳዩት። ያዞሩት ወታደር መሆናቸው ቀርቶ ወደ እርሻ ሊመለሱ ነው ብለው ባመኑ ጊዜ ነው። የደንብ ልብሱ ለነሱ ጌጥ አልነበረም፤ ከአለንጋው የሚለያቸው እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ በፓርላማ የወጣው የ1807 የጦር ሠራዊት ሕግ በንጉሡ ጦር ውስጥ ያሉትን ጥቁር ወታደሮች በሙሉ ነፃ አደረገ፣ 10,000 ገደማ ሰው። በአንድ ሕግ ይህን ያህል ሰው ነፃ መውጣቱ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። እስከዚያ ድረስ ወታደሩ የሚዳኘው በጦር ሕግ ነው ወይስ በደሴቱ የባሪያ ሕግ የሚለው ክርክር አላለቀም ነበር። ነፃ መውጣት ግን ወደ ቤት መሄድ አልነበረም። አገልግሎቱ ቀጠለ።

ባርባዶስ፣ 1816። ይህ ክፍሉን ለሁለት የሚከፍለው ነው፣ ስለዚህ ሰዓት አስቀምጡለት። የትንሣኤ እሑድ ነበር፣ ሚያዝያ 14። በባርነት ያሉ ሰዎች ተነሡ፣ አገዳው ተቃጠለ። መሪያቸው ቡሳ ይባላል፤ ዛሬ በባርባዶስ ከብሔራዊ ጀግኖች አንዱ ነው። አመፁን ለመደምሰስ ከተላኩት ውስጥ የ1ኛው ዌስት ኢንዲያ ሬጅመንት ጥቁር ወታደሮች ነበሩ። ተኮሱ። ሰው ሞተ።

እዚህ ላይ ከኋላ ወንበር «ባንዳ!» ይመጣል። አትቆጡ። ቃሉን በሰሌዳው ጎን ጻፉትና ወደ አራቱ ጥያቄ መልሷቸው። እንዴት ወታደር ሆነ? ከእነዚህ ወታደሮች ብዙዎቹ ከአፍሪካ በሰንሰለት መጥተው ከመርከብ ላይ የተገዙ ናቸው። ስማቸውን መኮንን ነው ያወጣላቸው። የባርባዶስን ሰው አያውቁም፣ ዘመድ የላቸውም፤ እንጀራቸውም አገራቸውም ሬጅመንቱ ሆኗል። እምቢ ያለ ወታደር ምን እንደሚጠብቀው በዶሚኒካ ታይቷል። ምን አገኘ? በ1816 ነፃ ሰው ነው፣ ግን የጦሩ ነፃ ሰው።

በሌላው ወገን ደግሞ የተገደለው ሰው አለ። እሱም በአንድ ወቅት ከተመሳሳይ መርከብ የወረደ ሊሆን ይችላል። እኔ የምለው ይህ ነው፤ ወታደሩን ባንዳ አልለውም፣ የተኮሰውን ጥይት ግን ቀላል አላደርገውም። ተማሪዎቻችሁ ሌላ ሐሳብ ቢይዙ ይያዙ። የማልቀበለው ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይመልሱ የሚሰጡትን ፍርድ ነው።

ሃይቲ። ያኔ ሳን ዶሚንግ ትባል ነበር፣ የፈረንሳይ ነበረች። ይህን ምሳሌ ሁሉም ይወደዋል፣ ስለዚህ ከባርባዶስ በኋላ አምጡት እንጂ በፊት አታምጡት። በነሐሴ 1791 በባርነት ያሉ ሰዎች ተነሡ። ጎረቤት ያለችው ስፔን አስታጠቀቻቸው፤ የአመፁ ታላቅ መሪ የሆነው ቱሳን ሉቬርቱርም መጀመሪያ የተዋጋው በስፔን ባንዲራ ሥር ነው። በሰኔ 1793 የፈረንሳይ ኮሚሽነሮቹ ሶንቶናክስና ፖልቬሬል ከራሳቸው ከነጮቹ ተቃዋሚዎች ጋር ካፕ ፍራንሴ ከተማ ላይ ተጋጩና «ለሪፐብሊኩ የሚዋጋ ሁሉ ነፃ ነው» አሉ። ቀጥለው የወታደሮቹን ሚስቶችና ልጆች አሰቡ። ነሐሴ 29፣ 1793 ሶንቶናክስ በሰሜኑ ግዛት ለሁሉም ነፃነት አወጀ፤ በየካቲት 1794 ኮንቬንሽን የሚባለው የፓሪሱ ምክር ቤት ለመላው ቅኝ ግዛት አጸደቀው። ቱሳን በዚያው ዓመት ወደ ፈረንሳይ ወገን ዞረ።

ተማሪዎቹ የውሉን ቅጽ ሲሞሉ ልዩነቱ ይታያቸዋል። ቃሉ ከአንድ ወታደር ተነሥቶ ወደ ቤተሰቡ፣ ከዚያ ወደ ሁሉም ሰፋ። ለምን ሰፋ? ፈረንሳዮቹ ደግ ስለሆኑ አይደለም። የታጠቀው ሰው ብዙ ነበር፣ ተጫራቾቹም ሦስት ነበሩ፤ ፈረንሳይ፣ ስፔንና እንግሊዝ። ዋስ የሌለው ውል ዋሱ የራሱ ጠመንጃ ሆነ።

ቃሉ ሲታጠፍ ደግሞ ሌላዋን የፈረንሳይ ደሴት ጓደሉፕን አሳዩ። በ1794 የፈረንሳይ ኮሚሽነር ቪክቶር ሁግ የነፃነቱን አዋጅ ይዞ መጥቶ ነፃ የወጡትን አስታጠቀ፣ በነሱም እንግሊዝን ከደሴቲቱ አስወጣ። በ1802 ናፖሊዮን ባርነትን ሊመልስ ጄኔራል ሪሽፓንስን ላከ። ለፈረንሳይ ሲዋጉ የኖሩት ወታደሮች አሁን ትጥቅ ፍቱ ተባሉ። የማርቲኒክ ተወላጁ መኮንን ሉዊ ደልግሬስ አሻፈረኝ አለ፤ ግንቦት 28፣ 1802 ማቱባ ላይ ሲከበብ ከ300 ገደማ ሰዎቹ ጋር ባሩዱን ለኩሶ አብሮ ሞተ። መቅደላን የተማረ የሸዋ ልጅ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጓደሉፕ ወደ ባርነት ተመለሰች፣ እስከ 1848 ድረስ። የጓደሉፕ ወሬ ሳን ዶሚንግ ሲደርስ ግን እዚያ ያሉት ለፈረንሳይ ማገልገል በቃን ብለው ዞሩ። ኅዳር 18፣ 1803 ቬርቲየር ላይ አሸነፉ፤ ጥር 1፣ 1804 የጦር መሪያቸው ደሳሊን የሃይቲን ነፃነት አወጀ።

ቃል የተጠበቀበትንም አንድ አሳዩ፣ ሁሉ ክህደት ነው ብለው እንዳይወጡ። እንግሊዝ ከ1812 ጀምሮ ከአሜሪካ ጋር ስትዋጋ፣ በሚያዝያ 1814 አድሚራል ኮክሬን (የዶሚኒካው አገረ ገዢ አይደለም) ከአሜሪካ እርሻዎች አምልጠው ለሚመጡ ሁሉ በጦሩ ማገልገል ወይም በነፃነት መስፈር እንደሚችሉ አወጀ። ከመጡት ወንዶች ኮሎኒያል ማሪንስ የሚባል ጦር ተቋቋመ፤ ቼሳፒክ ባሕር ወሽመጥ ውስጥ ታንጀር ደሴት ላይ ሠለጠነ። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ትሪኒዳድ ተወሰዱ። በ1816 በየመንደሩ በየኩባንያቸው ሰፈሩ፣ ለየቤተሰቡ 16 ኤከር መሬት ተሰጠ። ልጆቻቸው ዛሬም እዚያ አሉ፣ ሜሪኪን ይባላሉ። ትሪኒዳድ ራሷ ግን ያኔ የባሪያ ደሴት ነበረች፤ ከመሬታቸው ወዲያ ማዶ ሰው በባርነት ያርሳል።

ኩባን ካነሣችሁ አንድ ነገር ላይ ብቻ አተኩሩ። ጥቅምት 10፣ 1868 የእርሻ ባለቤቱ ሴስፔዴስ ባሪያዎቹን ነፃ አውጥቶ በስፔን ላይ አብረን እንዋጋ አለ። ጦርነቱ አሥር ዓመት ፈጀና በ1878 በሳንሆን ስምምነት ቆመ። በስምምነቱ ነፃ የወጡት ከዓማፅያኑ ጋር ሆነው የተዋጉት ናቸው። ለጌታቸው ታምነው እርሻው ላይ የቀሩት በባርነት ቀሩ። ተማሪዎቻችሁ ይህን አንብበው ዝም ካሉ አትቸኩሉ፣ ይቆዩበት። ባርነት ኩባ ላይ የቀረው በ1886 ነው።

የሰዎቹን ድምፅ ከየት እናምጣ?

ወታደሮቹ ራሳቸው የጻፉት በጣም ጥቂት ነው። ያለው የጦሩ መዝገብ ነው፤ የስም ዝርዝር፣ የደመወዝ፣ የቁመትና የመልክ መግለጫ። የለንደኑ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ካታሎጉን ማንም ሰው በስልክ በነፃ መፈለግ ይችላል፤ «ዌስት ኢንዲያ ሬጅመንት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ሞክሩ፣ ዝርዝሩ ብዙ ነው። ሰነዱን ሙሉ በሙሉ ባታገኙም የመዝገቡ አርዕስት ራሱ ለክፍል ይሆናል። ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያዘጋጀው የባሪያ ባለቤቶች ካሳ መረጃም ክፍት ነው። እንግሊዝ ባርነትን ስትሽር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ የከፈለችው ለባለቤቶቹ ነው፤ ለባሪያዎቹ አይደለም። ዳታ ውድ ስለሆነ ቤታችሁ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አትማችሁ ሂዱ።

መዝገብ ስታስነብቡ ሁልጊዜ «ይህን የጻፈው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጆን ወይም ጆርጅ የሚል ስም ሲያዩ ያ ስም ከመርከብ ከወረደ በኋላ የተሰጠ መሆኑን ይወቁ።

ሁለት ሰው በስም ማንሣት ይቻላል። አንዱ ሙሐመዱ ሲሴ ነው። ከጋምቢያ የተወሰደ ሙስሊም፣ በ3ኛው ዌስት ኢንዲያ ሬጅመንት ያገለገለ፤ ታሪኩ ተጽፎ በ1838 ለንደን ታትሟል። ሌላው ዳጋ ነው። እሱን ከተያዘ የባሪያ መርከብ አውጥተው፣ ነፃ ነህ ብለው፣ ዶናልድ ስቴዋርት የሚል ስም ሰጥተው ወታደር አደረጉት። በሰኔ 1837 ትሪኒዳድ ሴንት ጆሴፍ ላይ አመፅ መራ፤ ነሐሴ 16 ከሁለት ጓዶቹ ጋር ተረሸነ። ባርነት ከተሻረ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። «ነፃ ነህ» የተባለ ሰው ሳይጠየቅ ወታደር መሆኑ ምን ዓይነት ነፃነት እንደሆነ በዚህ ላይ አከራክሯቸው።

ክፍል ውስጥ የማይደረግ

የባሪያ ገበያ ድራማ አታሠሩ። አንዱን ተማሪ አስረው ሌላው እየተጫረተ የሚሠራው ነገር ሳቅ ይሆንና የተሳቀበት ልጅ ስሙ እዚያው ይቀራል። መልኩን ወይም ዘሩን አንሥቶ ጓደኛውን የሚሳደብ ካለ ትምህርቱን አቁሙና ስድቡን አርሙ፤ ቀልድ ነው ብሎ ማለፍ አይሠራም። እርቃን ወይም የተገረፈ ሰው ሥዕል መለጠፍም አስፈላጊ አይደለም። የውሉ ቅጽ ከሥዕሉ የበለጠ ይሠራል።

ወደ አገር ቤት ስትመልሱት

መመለስ አለባችሁ። ያለዚያ ባርነት የነጭ ሥራ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከአንኮበር ቁልቁል ያለው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ገበያ ነበር፤ በአጠገቡ አብዱል ረሱል ላይ ሰው ይሸጥ ነበር፣ የቅፍለቱም መንገድ በአፋር በኩል ወደ ታጁራ ይወርድ ነበር። በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጥቶ የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲዋዋል፣ አገሩ ባርነትን ከሻረች ገና ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጥቁር ሬጅመንቶቿም በካሪቢያን ሥራ ላይ ናቸው። በኢትዮጵያ ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው፣ በእኛ 1934 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ። የአንዳንድ ተማሪ ቅድመ አያት የኖሩበት ዘመን ነው።

ክበቡ ሽማግሌ ሊጠይቅ ከሄደ አጠያየቁን አስተምሩ። «አባባ፣ የድሮው ገበያ የት ይቆም ነበር? ቅፍለቱ በየት ይወርድ ነበር? ቀረጡን ማን ይቀበል ነበር?» ይሄ ይበቃል። «እገሌ የማን ዘር ነው» የሚል ጥያቄ አይጠየቅም። ሽማግሌው ራሳቸው የሰው ስም ቢያነሱ ልጆቹ አይጻፉት፣ አይቅዱትም። እማማ ወይም አባባ ማውራት ካልፈለጉ አመስግኖ መነሣት ነው።

ከተማሪዎቹ አንዱ ስለ ማሊክ አምባር ማንሣቱ አይቀርም። ከኢትዮጵያ ተሸጦ ሕንድ ሄዶ፣ ወታደር ሆኖ፣ ደካን ላይ የጦር መሪ የሆነ ሰው ነው፤ የሞተው በ1626 ነው። ልጆቹ በጣም ይኮሩበታል፣ ኩራቱም ተገቢ ነው። ግን የደካን ነገሥታት ጦር ከካሪቢያኑ የተለየ አሠራር ነበረው፣ አንድ ባሪያ ወታደር እስከ ገዢነት የሚወጣበት መንገድ ነበር። በአንድ ክፍለ ጊዜ ካቀላቀላችሁት አምባር ሁሉንም ይውጠዋል። ለብቻው ቀን ያዙለት።

ማርክ አሰጣጥ

ግማሽ ገጽ ይጻፉ፤ አንድ ደሴት መርጠው አራቱን ጥያቄ ይመልሱ። ዓመተ ምሕረት በቃል ለሸመደደ ብዙ ማርክ አትስጡ። የተገባውን ቃልና የተፈጸመውን ለይቶ ላስቀመጠ፣ ሚስትና ልጆችን ላልረሳ፣ በተኩሱ ማዶ የነበረውንም ሰው ለጻፈ ስጡ። «ታማኝ ነበሩ» ወይም «ፈሪ ነበሩ» ብሎ ብቻ የጻፈውን ከአራቱ ጥያቄ የትኛው ላይ ተነሥቶ እንደዚያ እንዳለ በቀይ ጠይቁና መልሱለት፤ አስተካክሎ ያምጣ።

ክበባችሁ ጊዜ ካለው ቀጣዩን ጃቫ አድርጉት። ሆላንድ ከ1831 እስከ 1872 ድረስ ከዛሬዋ ጋና፣ ከኤልሚና ወደብ፣ 3,000 ገደማ አፍሪካውያን ለደች ኢስት ኢንዲስ (የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ያለችባት) ጦሯ ወስዳለች። ብዙዎቹ ባሪያ የነበሩ ናቸው። ነፃ የመውጫቸው ዋጋ በብድር ተከፍሎ ከደመወዛቸው ይቆረጥ ነበር። እዚያ ላይ የውሉን ቅጽ እንደገና አውጡ፤ ነፃነቱን የከፈለው ማን ነው የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት።